የኅዳር በሽታና ያልተቆጠሩት እናቶች፦ ኢንፍሉዌንዛ በነፍሰ ጡሮችና በሕፃናት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከፎገራ ሜዳ አንጻር ሲታይ

መግቢያ

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን ያጠቃው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በሕዝቡ ዘንድ «የኅዳር በሽታ» በሚል ስም ይታወቃል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጃፉ ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚቃጠልበት፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለውም ልማድ የዚያ መከራ መታሰቢያ ሆኖ ኖሯል። ሕዝቡ በሽታውን በስም ለይቶ፣ ቀን ቆርጦ፣ በጢስና በእሳት ሲያስታውሰው መኖሩ የደረሰው ጉዳት ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ይሁን እንጂ የወረርሽኝ ታሪክ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በተቀበሩ ሰዎች ቁጥር ነው። ይህም አቆጣጠር አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት በወረርሽኝ ስትሞት የሚጠፋው ሁለት ነፍስ ሲሆን፣ የሚቆጠረው ግን አንድ ነው። እናቲቱ ተርፋ ጽንሱ የወረደ እንደ ሆነ ደግሞ የሚቆጠር ነገር የለም። ያለ ጊዜው ተወልዶ ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃንም ስም ስላልወጣለት ከቤተሰቡ ኀዘን ውጭ የሚያስታውሰው አይኖርም። ስለዚህ የኅዳር በሽታ ካደረሰው ጉዳት ከፍ ያለው ክፍል ከቁጥር ውጭ የሚውለው በእናቶችና በሕፃናት በኩል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ብርቱ ኢንፍሉዌንዛ በነፍሰ ጡሮችና በልጆቻቸው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ከ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ ተነሥቶ መመርመርና፣ በደቡብ ጎንደር የሚገኙት የወረታ ከተማና የፎገራ ሜዳ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡትን ትምህርት ማሳየት ነው። ፎገራ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። አገሩ ልዩ ልዩ ትኩሳት የሚፈራረቅበት ሜዳ በመሆኑ፣ አንዱ በሽታ በሌላው ስም ተሸፍኖ እናቶችን እንዴት ሊጎዳ እንደሚችል ለመረዳት ያመቻል።

የ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተኩስ ማቆም ስምምነት የተፈጸመው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1918) ነበር። በእነዚያው ሳምንታት የጦር መርከቦች፣ የንግድ መርከቦችና የምድር ባቡሮች ወታደርና ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን የኢንፍሉዌንዛንም ተሐዋስ ከአህጉር ወደ አህጉር ያጓጉዙ ነበር። በወረርሽኙ በመላው ዓለም የሞተው ሕዝብ በብዙ አጥኚዎች ግምት ወደ 50 ሚሊዮን ይደርሳል።

በኢትዮጵያ ጊዜው ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ የነገሡበት፣ ራስ ተፈሪ መኰንንም አልጋ ወራሽ የነበሩበት ዘመን ነው። ከጂቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ስለ ነበር፣ ዋና ከተማዪቱ ከባሕር ወደብ ጋር ከተገናኘች ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። አልጋ ወራሹ ራሳቸው በበሽታው ክፉኛ ታመው ከድነዋል። በኋላም ንጉሠ ነገሥት ሆነው በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ የሞተው ሰው ከ10,000 በላይ መሆኑን ገልጸዋል። በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ሲሆኑ፣ የነበረውም ዘመናዊ ሕክምና በአመዛኙ በዋና ከተማዪቱ የተወሰነ ነበር።

በዚያን ጊዜ የበሽታውን መንሥኤ በትክክል የሚያውቅ ሐኪም በዓለም ላይ አልነበረም። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። የ1911 ዓ.ም.ን ወረርሽኝ ያስነሣው ቫይረስ ሙሉ ጠባይ የተገለጠውም ተመራማሪዎች በዚያ ዘመን ከሞቱ ሰዎች አካል የተገኘውን ቅሪት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2005 ቫይረሱን በቤተ ሙከራ መልሰው ካዘጋጁት በኋላ ነበር። እንግዲህ በኅዳር 1911 ዓ.ም. የአውሮፓ ሐኪምም ሆነ የኢትዮጵያ ባለመድኃኒት መንሥኤው በማይታይ ጠላት ፊት እኩል ቆመው ነበር ማለት ይቻላል።

ወረርሽኙን ከሌሎች የጉንፋን ዘመናት የለየው ዐቢይ ጠባይ የገዳዮቹ ሳምንታት አጭርነት ብቻ አይደለም። እንደ ወትሮው ቢሆን ኢንፍሉዌንዛ በብዛት የሚገድለው ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ነው። በ1911 ዓ.ም. ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ጎልማሶች በብዛት አለቁ። ይህ ዕድሜ ሰው የሚያርስበትና የሚነግድበት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ሴቶች የሚያረግዙበትና የሚወልዱበትም ዕድሜ ነው። ስለሆነም በሽታው የመታው የኅብረተሰቡን የልደት በር ነበር።

የፎገራ ሜዳና የኅዳር ወር

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ተንጣልሎ ይገኛል። ከጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች አቋርጠውት ወደ ጣና ይገባሉ። በክረምት ወንዞቹ ሞልተው ሲፈስሱ ሜዳው በውኃ ይዋጣል፤ ውኃው ሲሸሽም የተረፈው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ለመዝራት ያገለግላል። በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ አገር ነው። ኋላ ደግሞ ሜዳው በሩዝ ምርቱ በአገሪቱ ታዋቂ ሆኗል። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገድ በሚገነጠልበት ስፍራ የምትገኝ የመንገድና የገበያ ከተማ ናት።

በ1911 ዓ.ም. ይህ አገር የቤጌምድር ግዛት አካል ነበር፤ ገዢውም ራስ ጉግሣ ወሌ ነበሩ። የመኪና መንገድ አልነበረም። ሰው ከሰው የሚገናኘው በገበያ፣ በበዓል፣ በለቅሶ፣ በሐይቁም ላይ በታንኳ ነበር። እንደ ኢንፍሉዌንዛ ላለ በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ይህ ግንኙነት በቂ ነው። በሽታው የሚፈልገው ሰፊ ጎዳና ሳይሆን፣ በአንድ ጣራ ሥር ተሰብስበው የሚውሉና የሚያድሩ ሰዎችን ነውና።

የኅዳር ወር በዚህ ሜዳ ሦስት ነገሮችን በአንድነት ያመጣል። አንደኛ፣ የአጨዳና የመሰብሰቢያ ወር በመሆኑ ገበሬው በደቦ ይሰባሰባል፤ ነፍሰ ጡሯም ብትሆን እህል ከማቀበልና ለሠራተኛው ምግብ ከማዘጋጀት አትቦዝንም። ሁለተኛ፣ ኅዳር ሚካኤልና ኅዳር ጽዮን የሚከበሩበት ወር ስለ ሆነ ሕዝብ ከየመንደሩ ወደ ደብሮቹ ይጎርፋል። ሦስተኛውና ለዚህ ጥናት ዋነኛው፣ ከክረምቱ ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ያለው ጊዜ ወባ የሚበረታበት ወቅት መሆኑ ነው። ውኃ የቋጠረው ሜዳ ለትንኝ መራቢያ ስለሚሆን፣ የኅዳር ወር ሲገባ ብዙ ሰው ቀድሞውኑ በንዳድ ደክሞ ይገኛል።

ነፍሰ ጡር ሴት በወባ ስትያዝ ደሟ ያንሳል። ደሟ ያነሰ ሴት ደግሞ ሳንባዋ ሲታመም የምትቋቋምበት ኃይል የላትም። ስለዚህ ብርቱ ኢንፍሉዌንዛ በኅዳር ወር ወደ እንዲህ ዓይነቱ ቆላማ ሜዳ ሲገባ የሚያገኛት እናት ጤናማ እናት አይደለችም፤ አንድ በሽታ አዳክሟት ሌላው የሚጨርሳት እናት ናት። ከዚህም ሌላ ሁለቱም በሽታዎች በብርድ ብርድ ማለት፣ በራስ ምታትና በትኩሳት ስለሚጀምሩ፣ ሞቷን ያዩ ሰዎች «ንዳድ ወሰዳት» ቢሉ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ነፍሰ ጡር በኢንፍሉዌንዛ አብልጣ የምትጎዳበት ምክንያት

እርግዝና በሽታ አይደለም፤ ሆኖም የሴቲቱን አካል ከአቅሙ ዳርቻ ያደርሰዋል። የሰውነቷ የኦክስጂን ፍላጎት ከወትሮው በአምስት እጅ አንድ ያህል ይጨምራል። ልቧ በየደቂቃው የሚረጨው ደም ከ30 እስከ 50 በመቶ ከፍ ይላል። ማኅፀን እየሰፋ በሄደ መጠን ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ ወደ ላይ ስለሚገፋው በሳንባ ውስጥ የሚቀረው የመጠባበቂያ አየር ያንሳል። በዚህ ላይ አካሏ ጽንሱን እንደ ባዕድ ነገር እንዳይዋጋው የመከላከያ ኃይሏ አሠራር ይለወጣል። ይህ ለጽንሱ ደኅንነት የተደረገ ለውጥ አንዳንድ ቫይረሶችን በምትቋቋምበት አቅም ላይ ጉድለት ያስከትላል።

በዚህ ሁኔታ ላይ ያለች ሴት ቫይረሱ ሳንባዋን ሲያቆስለው፣ ቀጥሎም ሌሎች ተሐዋስያን ገብተው የሳንባ ምች ሲያስነሡ፣ የምትተነፍሰው አየር ለራሷም ለጽንሱም አይበቃም። አደጋው እርግዝናው በገፋ ቁጥር ይበረታል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለች ሴትና በቅርቡ የወለደች አራስ ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጉ ናቸው።

ይህን ጉዳት በቁጥር ከመዘገቡት የዚያ ዘመን ጥናቶች መካከል ሃሪስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1919 ያሳተመው ጥናት በሰፊው ይታወቃል። ሃሪስ ከልዩ ልዩ ሐኪሞች ባሰባሰበው መረጃ በኢንፍሉዌንዛ የታመሙ 1,350 ነፍሰ ጡሮችን ሁኔታ መርምሯል። ከእነዚህ መካከል 27 በመቶው ሞተዋል። በሽታው ወደ ሳንባ ምች ከተለወጠባቸው ሴቶች ደግሞ ግማሽ ያህሉ አልተረፉም። የሳንባ ምች ባልያዛቸው ዘንድ እንኳ 26 በመቶ የሚሆነው እርግዝና በውርጃ ወይም ያለ ጊዜው በመውለድ ተቋርጧል፤ የሳንባ ምች በያዛቸው ዘንድ ይህ አኃዝ 52 በመቶ ደርሷል።

እነዚህ አኃዞች የተገኙት ሐኪም ካያቸው ሴቶች ነው። ሐኪም ባልነበረበት፣ ውኃ ከወንዝ ተቀድቶ፣ እህል በድንጋይ ወፍጮ ተፈጭቶ በሚበላበት አገር፣ የታመመችው ሴት ዕረፍት የማግኘት ዕድሏ ከዚህ ያነሰ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

በኋላ የተነሡት ወረርሽኞችም ይህንኑ አረጋግጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 «የእስያ ኢንፍሉዌንዛ» የተባለው ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት በበሽታው ከሞቱት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ከነበሩ ሴቶች ግማሽ ያህሉ ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 በተነሣው ወረርሽኝም በአሜሪካ ነፍሰ ጡሮች ከሕዝቡ 1 በመቶ ያህል ብቻ ሆነው ሳለ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተመዘገቡት ሟቾች 5 በመቶ ያህሉ እነርሱ ነበሩ። በ90 ዓመታት ውስጥ ሕክምና እጅግ ቢራመድም የበሽታው አድልዎ አልተለወጠም።

ጽንሱና አራሱ ሕፃን

የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ራሱ የእንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ጽንሱ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። ጽንሱን በብዛት የሚጎዳው የእናቲቱ ሕመም ነው። ትኩሳቷ ሲበረታ፣ በደሟ ውስጥ ያለው ኦክስጂን ሲያንስ፣ አካሏ በሽታውን ለመዋጋት የሚያደርገው ትግል ሲያይል የጽንሱ ሲሳይ ይቋረጣል። በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት የሚነሣ ከፍተኛ ትኩሳት በጽንሱ የአከርካሪና የአንጎል አፈጣጠር ላይ ጉድለት ሊያስከትል እንደሚችል ጥናቶች አመልክተዋል። በኋለኞቹ ወራት ደግሞ ጽንሱ ሞቶ መወለዱ፣ ያለ ጊዜው መወለዱ፣ ወይም ክብደቱ አንሶ መወለዱ ይበዛል።

በብሪታንያ በ2009ኙ ወረርሽኝ ጊዜ በበሽታው ሆስፒታል የገቡ ነፍሰ ጡሮች በተጠኑበት ወቅት፣ ከ1,000 ልደት ውስጥ ሞተው የተወለዱትና በመጀመሪያው ሳምንት የሞቱት ሕፃናት 39 ሲሆኑ፣ በሽታው ባልያዛቸው እናቶች ዘንድ ግን 7 ብቻ ነበሩ። ይህ የታየው የመተንፈሻ መሣሪያና የጽኑ ሕሙማን ክፍል በተሟላበት አገር መሆኑ ሊጤን ይገባል።

ሕፃኑ በደኅና ከተወለደም በኋላ አደጋው አያበቃም። በፎገራ እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ ሴት በወለደች ጊዜ ዘመድና ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ይሰበሰባል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ ሴቶች አራሷን ከብበው ይውላሉ። ይህ ልማድ እናቲቱን የሚያሳርፍ፣ ምግብ የሚያቀርብላትና ብቸኝነትን የሚያርቅ የመረዳዳት ሥርዓት ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ግን ያው ደግነት በሽታውን ወደ አራሷ መኝታ ሊያመጣው ይችላል። ጭስ በሞላበት በአንድ ክፍል ጎጆ ውስጥ የሚያስለው ሰው ለአራስ ልጅ ቅርብ ነው። እናቲቱ የሞተች እንደ ሆነም ሕፃኑ የጡት ወተት አጥቶ በላም ወተትና በውኃ ስለሚያድግ፣ ከኢንፍሉዌንዛ ቢያመልጥ በተቅማጥ የመሞት ዕድሉ ሰፊ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሕፃን በወረርሽኙ ሟችነት ባይመዘገብም የወረርሽኙ ሟች ነው።

ከማኅፀን እስከ ትምህርት ቤት

ለትምህርት ባለሙያዎች ልዩ ትኩረት የሚሻው ጥያቄ እናታቸው ታማ የተረፉት ልጆች ኋላ ምን ሆኑ የሚለው ነው። ዳግላስ አልሞንድ የተባለው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት፣ በአሜሪካ የወረርሽኙ ጊዜ በማኅፀን የነበሩትን ሰዎች ከእነርሱ በፊትና በኋላ ከተወለዱት ጋር በሕዝብ ቆጠራ መዛግብት አነጻጽሯል። በስሌቱ መሠረት እናቶቻቸው በበሽታው የተያዙባቸው ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የመጨረስ ዕድላቸው እስከ 15 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ በጎልማሳነታቸውም ገቢያቸው ያነሰና የአካል ጉዳት የሚበዛባቸው ሆነዋል።

ይህ መደምደሚያ ያለ ክርክር አላለፈም። ሌሎች ተመራማሪዎች በዚያ ዓመት ብዙ ወጣት ወንዶች ለጦርነት ተመልምለው ስለ ነበር፣ በዚያ ወቅት ልጅ የወለዱት አባቶች ከሌላው ጊዜ አባቶች በኑሮና በትምህርት ይለዩ እንደ ነበር አስረድተዋል። የወላጆች ሁኔታ በስሌቱ ውስጥ ሲገባ የወረርሽኙ ድርሻ በእጅጉ እንደሚቀንስም አሳይተዋል። ስለዚህ የ15 በመቶውን አኃዝ እንደ ተቆረጠ እውነት መውሰድ አይገባም።

ቢሆንም የጥያቄው ፍሬ ነገር በሌላ መንገድ ጸንቶ ይቆማል። ያለ ጊዜው የተወለደና ክብደቱ ያነሰ ሕፃን በአካልና በአእምሮ ዕድገቱ የመዘግየት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑ በልዩ ልዩ አገሮች የተረጋገጠ ነገር ነው። ብርቱ ኢንፍሉዌንዛም ያለ ጊዜው መወለድንና የክብደት ማነስን ያበዛል። ከዚህ የተነሣ የአንድ ልጅ ትምህርት የሚጀመረው ፊደል በቆጠረበት ቀን ነው የሚለው አስተሳሰብ ሙሉ አይደለም። መምህሩ በአንደኛ ክፍል የሚቀበለው ልጅ ከብዙ ወራት በፊት በእናቱ ጤና ወይም ሕመም የተቀረጸ ታሪክ ይዞ የሚመጣ ልጅ ነው።

በፎገራ የታዩ ሌሎች ትኩሳቶች የሚሰጡት ትምህርት

አንድ ትኩሳት በሌላው ስም መጠራቱ የሚያስከትለውን ጉዳት የዚህ አካባቢ የቅርብ ጊዜ ታሪክ በሚገባ ያስረዳል። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. መባቻ ድረስ በኢትዮጵያ ደጋማና ወይና ደጋማ ስፍራዎች በተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን ሕዝብ እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በጣና ሰሜን በሚገኘው በደምቢያ ሜዳ የተነሣው ወባ ብዙ ሕዝብ ጨርሶ ነበር። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሲቋቋም ቦታው ጎንደር እንዲሆን ከተደረገባቸው ምክንያቶች አንዱ የዚህ አገር የወረርሽኝ መከራ ነው። ኮሌጁ ያሠለጠናቸው የጤና መኰንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ሠራተኞች ሕክምናን ከሆስፒታል አጥር አውጥተው ወደ ገጠሩ ለማድረስ የታሰበበት የመጀመሪያው ትልቅ ጥረት ፍሬዎች ናቸው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከፎገራ ጋር በሚዋሰነው በሊቦ ከምከም ወረዳ የታየው የካላአዛር ወረርሽኝ ነው። ይህ በሽታ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ትኩሳትና የጣፊያ ማበጥ የሚያስከትል፣ ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ነው። ሰዎች በትኩሳት ሲሞቱ በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ታስቦ ነበር። ትክክለኛ ማንነቱ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. በምርመራ ነው። በሽታው በስሙ እስኪጠራ ድረስ ያለፈው ጊዜ የብዙ ሰው ሕይወት አስከፍሏል።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት ለኢንፍሉዌንዛም ይሠራል። ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም፤ ጉንፋን የሚመስል ሁሉም ጉንፋን ብቻ አይደለም። በተለይ የታመመችው ሴት ነፍሰ ጡር ስትሆን «ምች መታት፣ ዳማ ከሴ ትጠጣ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል ትታጠን» ተብሎ ቀናት የሚያልፉ ከሆነ፣ በጊዜ ሊደረግላት የሚገባው እርዳታ ያመልጣታል። የቫይረሱ መድኃኒት ከሁሉ በላይ የሚረዳው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ መሆኑ ስለ ታወቀ፣ የሁለት ቀን መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም። ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ የማይበርድ ትኩሳት፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ እነዚህ ሁሉ ነፍሰ ጡሯ ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለባት የሚያመለክቱ ምልክቶች ናቸው።

ከ1911 ዓ.ም. ወዲህ የተለወጠው

የኅዳር በሽታ ዘመን እናት ያልነበሯት ብዙ ነገሮች በኋላ ትውልድ ተገኝተዋል። የክትባት ፕሮግራም በኢትዮጵያ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ሲስፋፋ፣ ነፍሰ ጡሮች የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንዲወስዱ መደረጉ እናትን በመከተብ ገና ያልተወለደውን ልጅ መጠበቅ እንደሚቻል ለሕዝቡ አስተምሯል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሴት የጤና ሠራተኞችን በየቀበሌው አሰማርቷል። በሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 5 ብቻ የነበሩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 26፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ወደ 48 ከፍ ብለዋል። ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች ቁጥርም ከ100,000 ሕያው ልደት እ.ኤ.አ. በ2000 871 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 412 ወርዷል።

ኢንፍሉዌንዛን በተመለከተ ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መግለጫ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በሚሰጥበት አገር ሁሉ ነፍሰ ጡሮች ቀዳሚነት እንዲሰጣቸው መክሯል። ለዚህ ምክር መሠረት ከሆኑት ጥናቶች አንዱ በባንግላዴሽ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ነው። በዚህ ጥናት በእርግዝናቸው ጊዜ የተከተቡ እናቶች የወለዷቸው ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በምርመራ የተረጋገጠ ኢንፍሉዌንዛ የመያዝ ዕድላቸው በ63 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ራሱ ሊከተብ ስለማይችል፣ ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጁ በኩል የሚያገኘው የመከላከያ ኃይል ዋነኛ ጋሻው ነው። ባንግላዴሽ በወንዝ ሙላት የምትታወቅ፣ ሕዝቧ በሩዝ እርሻ የሚተዳደር አገር መሆኗ ለፎገራ አንባቢ ጥናቱን ቅርብ ያደርገዋል።

ሌላው ታላቅ ለውጥ በመዝገብ በኩል የመጣው ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፣ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በመላ አገሪቱ መመዝገብ የጀመሩት በነሐሴ ወር 2008 ዓ.ም. ነው። በዚሁ ዘመን የእናቶች ሞት ምክንያት በየጤና ተቋሙና በየቀበሌው እንዲጣራ የሚያደርግ አሠራር ተዘርግቷል። እነዚህ ሥራዎች በገጠር ገና ብዙ ጥረት የሚሹ ቢሆኑም፣ ትርጉማቸው ግን ታላቅ ነው። በ1911 ዓ.ም. ሞቷ በጅምላ ቁጥር ውስጥ የተዋጠው እናት ዛሬ በስሟ፣ በዕድሜዋና በሞቷ ምክንያት ልትመዘገብ የምትችልበት ሕግ ቆሟል።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ሁሉ ሲጠቃለል፣ ብርቱ ኢንፍሉዌንዛ በኅብረተሰብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በሬሳ ቁጥር ብቻ ሊለካ እንደማይገባው ያስረዳል። ነፍሰ ጡሮች በ1918ም፣ በ1957ም፣ በ2009ም እ.ኤ.አ. ከሌላው ሰው ይልቅ በበሽታው ተጎድተዋል፤ ከእነርሱም ጋር ያልተወለዱና አዲስ የተወለዱ ልጆች ተጎድተዋል። እንደ ፎገራ ባለ፣ የወባ ወቅትና የመኸር ሥራ በአንድ ወር በሚገናኙበት ሜዳ ደግሞ ጉዳቱ በሌላ ትኩሳት ስም ተሸፍኖ የመቅረቱ ዕድል ሰፊ ነው።

ይህ እውቀት ወደ መማሪያ ክፍል ቢገባ ሁለት ጥቅም አለው። የታሪክ መምህሩ «ኅዳር ሲታጠን» የሚለውን ልማድ ሲያስተምር፣ ከጢሱና ከእሳቱ አልፎ በሽታው ማንን በምን ምክንያት አብልጦ እንደ ገደለ ቢያስረዳ፣ ተማሪው ታሪክን ከነገሥታት ዜና ባሻገር በእናቱና በአያቱ ሕይወት ውስጥ ያነብበዋል። የሳይንስ መምህሩም ስለ ተሐዋስያን ሲያስተምር በጓዳ ያለውን ጉዳይ ምሳሌ ቢያደርገው፣ ማለትም የሚያስል ሰው ከአራስ ቤት እንዲርቅ፣ ጎጆው አየር እንዲያገኝ፣ እጅ እንዲታጠብ፣ በትኩሳት የተያዘች ነፍሰ ጡርም ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ቢያስተምር፣ ትምህርቱ በዚያው ምሽት ወደ ቤት ይገባል። በገጠሩ ቤት ፊደል የቆጠረው ልጅ ለቤተሰቡ መልእክተኛ ነውና።

ከኅዳር በሽታ የተረፈው ሕዝብ ቆሻሻውን ሰብስቦ ማቃጠሉ በዘመኑ በነበረው እውቀት ልክ ራሱን ለመከላከል ያደረገው ጥረት ነበር። የኋላው ትውልድ ያገኘው እውቀት ከዚያ የሰፋ በመሆኑ ኃላፊነቱም የዚያኑ ያህል ይሰፋል። ወረርሽኝ እንደገና በመጣ ጊዜ በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው በየመንደሩ ነፍሰ ጡሮች ስንት ናቸው፣ አራሶችስ የት አሉ የሚለው ነው። እነርሱን አስቀድሞ የቈጠረ አገር ኋላ የሚቈጥረው መቃብር ያንስለታል።